ከፍታ፣ ነዳጅና ልኬት፦ የጣና ሞተሮች ማስተካከያ ከግምት ይውጣ

ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ያለው የጣና ርቀት በቀጥታ መስመር ሲሰላ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በመካከሉ ገዳማት ያሉባቸው ደሴቶች አሉ እንጂ የሞተር ጥገና ቤት የለም። በውኃው መካከል ሞተሩ የጠፋበት ጀልባ እንደ መኪና ዳር ይዞ ሊቆም አይችልም፤ ነፋስ ሲነሣም ማዕበሉ ወደ ወሰደው ይሄዳል። ስለሆነም በሐይቁ ላይ የሞተር ማስተካከያ የጉልበትና የፍጥነት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የሰው ደኅንነት ጉዳይ ነው።

ሞተሩ ለዚህ ከፍታ በትክክል ተስተካክሏልን? ይህ ጥያቄ ለረጅም ዘመን ሲመለስ የኖረው በመካኒኩ ጆሮ፣ በካንዴላው ቀለምና በጭሱ ሽታ ነው። ለካርቡራተር ሞተር ይህ ዘዴ የማይናቅ ውጤት ሰጥቷል። በኤሌክትሮኒክ የነዳጅ ኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር ግን የነዳጁ መጠን የሚወሰነው በብሎን ሳይሆን በኮምፒውተሩ ውስጥ በተጻፈ ሰንጠረዥ፣ በባለሙያዎች አነጋገር በ“ካርታ” ነው። ይህን ካርታ የሚቀይሩ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች ከሞተሩ አምራች ውጭ ባሉ ኩባንያዎች ተሠርተው በዓለም ገበያ ይሸጣሉ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። በጣና ዳርቻ ላሉ ሞተሮች ካርታ መቀየር የመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻው እርምጃ ሊሆን ይገባል፤ ከእርሱ በፊት ልኬት መቅደም አለበት፤ ልኬቱን ሠርቶ ውጤቱን ለሁሉም ክፍት ለማድረግ ደግሞ ከአካባቢው ዩኒቨርሲቲዎች የተሻለ የሚመች አካል የለም።

የከፍታው ሒሳብ

የጣና ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። ሞተር የሚሠራው አየርና ነዳጅ በተወሰነ ምጣኔ ተደባልቀው ሲቃጠሉ በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አሥር በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል የሚለው የመሐንዲሶች ግምታዊ ስሌት ከዚህ የመነጨ ነው። በፋብሪካው 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር በጎርጎራ ውኃ ላይ በዚህ ስሌት የሚሰጠው ወደ 33 ይወርዳል።

እዚህ ላይ ሁለት ጉዳዮች ሊለዩ ይገባል። አንደኛው የጉልበት ማነስ ነው። ይህ የአየሩ ጉዳይ ስለሆነ ነዳጅ በመጨመርም ሆነ በመቀነስ አይመለስም። ሁለተኛው የምጣኔ መዛባት ነው፤ ማስተካከያ የሚጠቅመው ለዚህኛው ነው። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በተሟላ ሁኔታ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም አየር ይፈልጋል። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር ወደ ጣና ሲመጣ የሚስበው አየር በክብደት 20 በመቶ ሲቀንስ የሚያሳልፈው ነዳጅ ግን የሚቀንሰው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የነዳጁ ፍሰት የሚከተለው የአየሩን ጥግግት ሳይሆን የጥግግቱን ካሬ ሥር ነውና። በዚህም የተነሣ ድብልቁ 12 በመቶ ያህል ነዳጅ ይበዛበታል። ውጤቱ የጠቆረ ካንዴላ፣ ያልተረጋጋ ሚኒሞና በከንቱ የሚጠፋ ቤንዚን ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ የቤንዚን ማሳለፊያውን ቀዳዳ በጠበበ መተካት።

የኢንጀክሽን ሞተር ይህን ችግር በአብዛኛው ገና ከፋብሪካው ፈትቶ ይመጣል። በአየር ማስገቢያው ላይ የተተከለው የግፊት ሴንሰር የአየሩን መሳሳት ለኮምፒውተሩ ያሳውቃል፤ ኮምፒውተሩም ኢንጀክተሩ ክፍት ሆኖ የሚቆይባቸውን ጥቂት ሚሊ ሰከንዶች በዚያው ልክ ያሳጥራል። የነዳጁን መጠን ከአየር መክፈቻው ማዕዘንና ከሞተሩ ዙር የሚያሰሉ ሥርዓቶችም ቢሆኑ የአካባቢውን የአየር ግፊት በሚለካ ሴንሰር ስሌታቸውን ያርማሉ። ስለዚህ “ለከፍታ ቦታ የተዘጋጀ ካርታ” እየተባለ የሚሸጥ ፋይል፣ ሴንሰሮቹ ጤነኛ ለሆኑለት ሞተር፣ ብዙውን ጊዜ የተፈታን ችግር ዳግመኛ ለመፍታት የሚከፈል ዋጋ ነው። ሴንሰሩ ለተበላሸበት ሞተር ደግሞ ፋይሉ ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ አያድንም።

ከበረዶ ተራሮች የመጣ ገበያ

የከፍታ ማስተካከያ ገበያ ካደገባቸው መስኮች አንዱ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ የሚመስለው የበረዶ ሞተር ብስክሌት ነው። በሰሜን አሜሪካ የሮኪ ተራሮች ነጂዎች በእነዚህ መሣሪያዎች እስከ 3,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሚወጡ፣ ከጣና ሞተሮች ጋር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ለጥያቄያቸው የቀረቡት መልሶች በአራት ሊመደቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው በኮምፒውተሩና በኢንጀክተሩ መካከል የሚገባ ተጨማሪ ሳጥን ነው። ሳጥኑ የፋብሪካውን ትእዛዝ ተቀብሎ የኢንጀክተሩን ጊዜ በተወሰነ መቶኛ ያረዝመዋል ወይም ያሳጥረዋል። ሲነቀል ሞተሩ ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለሱ ጥቅሙ ነው፤ ሞተሩ ስለሚገኝበት ትክክለኛ ሁኔታ ብዙ አለማወቁ ጉዳቱ ነው። ሁለተኛው የፋብሪካውን ኮምፒውተር ካርታ እንደገና መጻፍ ነው። ይህ የነዳጁን ብቻ ሳይሆን የብልጭታውን ጊዜም ለመቀየር ያስችላል፤ ነገር ግን የተጻፈውን የሚያውቀው ጻፊው ብቻ ነው። ሦስተኛው የፋብሪካውን ኮምፒውተር አውጥቶ ሙሉ በሙሉ በሌላ መተካት ነው። ሜጋስኩዊርት እና ስፒዱይኖን የመሰሉት በዚህ ምድብ ይገኛሉ፤ አሠራራቸው በዝርዝር ታትሞ የቀረበ በመሆኑ ለትምህርትና ለምርምር የተለየ ዋጋ አላቸው። አራተኛው ምንም የማይቀይር፣ የሚለካ ብቻ ነው፤ በጭስ ማውጫው ላይ የሚተከልና የአየርና የነዳጁን ምጣኔ በቁጥር የሚያሳይ ሰፊ ክልል ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ከአራቱ በማስታወቂያ ጎልቶ የማይታየው ይህ የመጨረሻው፣ ለጣና ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው እርሱ ነው።

ለምን ቢባል በአንድ ተራራ የተዘጋጀ ካርታ ለሌላ ሐይቅ አይሆንም። የአየር ጥግግት የሚወሰነው በከፍታ ብቻ ሳይሆን በሙቀትም ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ የሚሠራ የበረዶ ሞተር በሜትር ኩብ 1.03 ኪሎ ግራም የሚመዝን አየር ይስባል። በጎርጎራ ወደብ በ28 ዲግሪ ቀትር የሚሠራ የጀልባ ሞተር የሚስበው ግን 0.94 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ይህም ማለት በ700 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለው የጎርጎራ አየር ከበረዶው ተራራ አየር ይሳሳል። ከፍታን ብቻ ተመልክቶ ካርታ የሚገዛ ሰው በስሌቱ መጀመሪያ ላይ ይስታል።

ከበረዶ ሞተር ነጂዎች ሊወሰድ የሚገባ ትምህርት ቢኖር ሌላ ነው። ልምድ ያላቸው ነጂዎች ወደ ከፍታ ሲወጡ ነዳጁን ከማስተካከላቸው በፊት በራስ ሰር የሚሠራውን የቀበቶ ማርሽ ክብደቶች ይቀይራሉ። የቀነሰ ጉልበት ያለው ሞተር የቀነሰ ሸክም ካልተሰጠው ተገቢውን ዙር አያገኝምና። የጀልባ ሞተር አቻ ጉዳይ ፕሮፔለሩ ነው።

ሐይቁ ራሱ የሚጠይቀው

እያንዳንዱ የጀልባ ሞተር አምራች ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ሊደርስበት የሚገባውን የዙር ክልል በመመሪያው ይጽፋል። ለባሕር ጠለል የተመረጠ ፕሮፔለር በጣና ላይ ብዙ ጊዜ ለሞተሩ ይከብደዋል፤ ሞተሩም ከተጻፈለት ዙር በታች ሆኖ እያቃሰተ ይሠራል። በዚህ ሁኔታ መሥራት ነዳጅ ያባክናል፣ ሙቀት ያበዛል፣ የሞተሩንም ዕድሜ ያሳጥራል። መፍትሔው ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት፣ በሙያው ስም ፒች፣ አነስ ያለ እንዲሆን ማድረግ ነው። ፒቹ በ1 ኢንች ሲቀንስ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው የዙር መቁጠሪያና በተለመደው ጭነት የሚደረግ አንድ ጉዞ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን የሚከፍት ባለሙያ ከመጠራቱ በፊት ይህ ፍተሻ ካልተደረገ፣ ካርታው ያልሆነውን ጥፋት ሊሸከም ነው።

ሁለተኛው የሐይቁ ጉዳይ እምቦጭ ነው። አረሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ በጣና ላይ ከታየ ወዲህ በይበልጥ የጎዳው ጎርጎራና ደንቢያ የሚገኙበትን ሰሜናዊውን ዳርቻ ነው። የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውኃ በመሆኑ የአረሙ ሥርና ቅጠል መሳቢያውን ሲዘጋው ሙቀቱ ይጨምራል። የሞቀ ሞተር ጉልበቱን ያጣል፤ የመከላከያ ሥርዓት ያለውም ኮምፒውተሩ ዙሩን በራሱ ይገድባል። ይህን ምልክት እንደ ነዳጅ እጥረት ተርጉሞ ነዳጅ መጨመር የተለመደ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛው መፍትሔ ግን መሳቢያውን ማጽዳት ነው።

ሦስተኛው ነዳጁ ራሱ ነው። ከማደያ ውጭ በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ውኃ፣ ዝቃጭ ወይም ነጭ ጋዝ ሊኖርበት ይችላል። ነጭ ጋዝ የኦክቴን ደረጃው ዝቅተኛ ስለሆነ ሞተሩ እንዲያንኳኳ ያደርጋል፤ ውኃና ዝቃጭ ደግሞ በፀጉር ቀጭንነት የሚለካውን የኢንጀክተር ቀዳዳ ይደፍናሉ። በዚህ ረገድ ካርቡራተር ከኢንጀክሽን ይልቅ ታጋሽ ነው። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚንም የራሱ ሒሳብ አለው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል መቀላቀል ጀምራ እንደነበር ይታወቃል። 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን የሚፈልገው የአየር ምጣኔ ከ14.7 ወደ 14.1 ገደማ ይወርዳል። የኦክስጅን ሴንሰር ያለው ሞተር ይህን 4 በመቶ ልዩነት በራሱ ያርማል፤ ሴንሰር የሌለው ግን ድብልቁ ነዳጅ እንዳነሰበት ይሠራል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ነዳጁን “ለከፍታ” ብሎ የበለጠ የሚቀንስ ካርታ ፒስተን እስከማቅለጥ ሊያደርስ ይችላል።

አራተኛውና ከሁሉ ሰፊው የሐይቁ ንጽሕና ነው። በካርቡራተር የሚሠራ ባለሁለት ምት ሞተር ከሚወስደው ነዳጅ ከአምስት እጅ አንዱን ወይም ከዚያ በላይ ሳይቃጠል፣ ከዘይቱ ጋር ወደ ውኃው ይለቃል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሐይቁ ለአካባቢው ነዋሪም የዓሣ ምንጭ ነው። በመሆኑም ከባለሁለት ምት ካርቡራተር ወደ ባለአራት ምት ኢንጀክሽን መሸጋገር ለሐይቁ ከየትኛውም ካርታ የበለጠ ማስተካከያ ነው።

ሐይቁና የዓባይ በረሃ

ካርታ የመቀየር ጥያቄ በእርግጥ ተገቢ የሚሆንበት ስፍራ የት ነው? የጣናን ሞተር በባሕር ዳር መንገድ ላይ ከሚጓዝ ተሽከርካሪ ጋር ማነጻጸር መልሱን ያቀርባል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ተሽከርካሪ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ ሲወርድና ወደ ደጀን ሲወጣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ወርዶ እንደገና ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ነው። የአየሩን ግፊት ቁልፉ ሲከፈት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያነብ ርካሽ ሥርዓት ከድልድዩ አጠገብ ተነሥቶ ሳይቆም ደጀን ቢደርስ፣ ሞተሩ እስከ መጨረሻው የሚያስበው በወንዙ ዳር እንዳለ ነው። እንዲህ ላለው መሣሪያ የካርታና የሴንሰር ማሻሻያ ትርጉም አለው።

የጣና ጀልባ ግን ከፍታው አይለዋወጥም። ከባሕር ዳር ቢነሣ፣ ዘጌ ቢያልፍ፣ ጎርጎራ ቢደርስ አየሩ አንድ ነው። ይህ ለተመራማሪ ትልቅ ዕድል ነው። ከፍታው የተወሰነ፣ ሸክሙ በፕሮፔለር የሚለካ፣ ኮረብታና ፍሬን የሌለበት የሙከራ ሜዳ በዩኒቨርሲቲዎቹ ደጃፍ ተዘርግቷል። በዚህ ቦታ ላይ ካርታ በመቀየር ሊገኝ የሚችል ጥቅምም አለ። በሳሳ አየር የሲሊንደሩ ውስጣዊ ግፊት ስለሚቀንስ ሞተሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ማንኳኳትን ይቋቋማል፤ ስለዚህ የብልጭታውን ጊዜ በጥቂት ዲግሪ ማስቀደም የነዳጅ ቁጠባ ሊያስገኝ ይችላል። ነገር ግን ይህ ጥቂት ዲግሪ ስንት ነው? በነጭ ጋዝ በተበረዘ ቤንዚንስ አደጋው ከየት ይጀምራል? መልሱን የሚሰጠው በዚሁ ውኃ ላይ፣ በዚሁ ነዳጅ የተደረገ ልኬት እንጂ ከሩቅ የተላከ ፋይል አይደለም።

ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ አቋም ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ በኋላ ስለ ነዳጅ ማስተካከያ መመራመር ያለፈበት ጉዳይ ነው የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ሆኖም ውሳኔው ያለውን ሞተር አያጠፋውም። አዲስ ባልገባ ቁጥር አሮጌው ረጅም ዘመን ይሠራል፤ ረጅም ዘመን የሚሠራ ሞተር ደግሞ የበለጠ ምርመራ ይፈልጋል። የ70 ኪሎ ሜትር የውኃ ጉዞ በባትሪ እስኪሸፈን ድረስም ተጓዡ ሕይወቱን የሚያምነው በዛሬው ሞተር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጥገና ቤቶች ይመጣል። ልምድ ያለው መካኒክ ያለ ሴንሰርና ያለ ላፕቶፕ ሞተር ያስተካክላል፤ የዩኒቨርሲቲ ቁጥር ምን ይጨምርለታል? ይህን ተቃውሞ ማቃለል ስሕተት ነው። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ሚኒሞ የሚሉትን የጣልያን ቃላት አማርኛ ያደረገው ይህ ሙያ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ዕውቀት ነው። ችግሩ ዕውቀቱ ማነሱ ሳይሆን ኢንጀክሽን በሩን የዘጋበት መሆኑ ነው። የካርቡራተር ብሎን ለሁሉም የሚታይ ነበር፤ ካርታው ግን በይለፍ ቃል ተቆልፏል። ልኬቱ በሚስጥር የሚያዝ ከሆነ መካኒኩ የሌላ ሰው ፋይል ጫኝ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በአንጻሩ ልኬቱ ክፍት ከሆነ፣ ቀድሞ በጆሮው ያውቅ የነበረውን አሁን በቁጥር ያረጋግጣል። ስለዚህ የልኬት ጥያቄ በሙያው ላይ የቀረበ ክስ ሳይሆን ሙያው ወደ አዲሱ ሞተር የሚሻገርበት መንገድ ነው።

ምን ሊደረግ ይገባል?

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ተቋም ተፈጥሯል። የባሕር ዳር የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መነሻው በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ተቋም ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚም የመርከብ መሐንዲሶችን ያሠለጥናል። ጎርጎራ ደግሞ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ በመንገድ ቅርብ ነው። የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሐይቁን ከደቡብና ከሰሜን ጫፉ ይዘው በጋራ ሊሠሩ ይችላሉ።

የምርምሩ ቅደም ተከተል ከዚህ በላይ ከተባለው ይከተላል። በመጀመሪያ የሞተሩ ጤንነት ይመርመር፤ ሴንሰሮች፣ ኢንጀክተሮች፣ የነዳጅ ግፊት፣ ፊልትሮና የማቀዝቀዣ ውኃ። ቀጥሎ የፕሮፔለሩ ተስማሚነት በተለመደው የተሳፋሪና የዕቃ ጭነት ይፈተሽ። ሦስተኛ የአየርና የነዳጁ ምጣኔ በኦክስጅን ሴንሰር ይለካ፤ የዕለቱ ሙቀት፣ የአየር ግፊትና የነዳጁ ምንጭም አብረው ይመዝገቡ። የካርታ ማስተካከያ ጥያቄ የሚነሣው ከእነዚህ ሦስቱ በኋላ የቀረ ጉድለት ካለ ብቻ ነው። ማስተካከያው ሲደረግም የቀድሞው ካርታ ተቀድቶ ይቀመጥ፤ የተቀየረው ቁጥር ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሠፍር፤ ውጤቱም በአማርኛ ተዘጋጅቶ ለጀልባ ባለቤቶችና ለጥገና ቤቶች ይድረስ።

ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ነጥብ እንዳይዘነጋ ያስፈልጋል። በመደርደሪያ ላይ የሚቀር የማስተርስ ጥናት ከተቆለፈ ካርታ ብዙ አይለይም፤ ሁለቱም ጎርጎራ ላይ ጀልባውን ለሚያስነሣው ሰው አይደርሱም። ያ ሰው ገመዱን ከወደቡ ሲፈታ ሊያውቀው የሚገባው ሞተሩ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው፣ ያለው ነዳጅ የት እንደሚያደርሰውና የጫናቸውን ሰዎች መልሶ ማምጣት መቻሉን ነው።